ኬሞው አልቆ እብጠቱ ሲቀር

«ደምህ ንጹሕ ነው። ሲቲ ስካኑ ላይ ግን የቀረ ነገር አለ።»

ይህ የሚነገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው። የዘር ፍሬ ካንሰር በብዛት የሚይዘው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያለን ወንድ ነው። እንግዲህ ልጁ 24 ዓመቱ ነው እንበል። አንዱ ፍሬው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። በሽታው ወደ ሆዱ ስለተዛመተ ሦስት ዙር ኬሞ ወስዷል። ፀጉሩ ረግፏል፤ የምግብ ሽታ ያቅለሸልሸዋል፤ ጆሮው አሁንም ጭው ይላል። «ተገላገልክ» ሊሉኝ ነው ብሎ ሲመጣ፣ ከአንጀቱ ኋላ፣ ከአከርካሪው ፊት ለፊት፣ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት አሁንም እንዳለ ይሰማል። ከአፉ የሚወጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «ታዲያ ኬሞው አልሠራም ማለት ነው?»

ሠርቷል እንጂ። ችግሩ ሌላ ነው። ማሽኑ እብጠቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይለካል፤ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሐኪሞቹ የሚከራከሩትም ሆነ በሽተኛው የሚጨነቀው በዚህች አለማወቅ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ከዘር ፍሬ የተነሣ ካንሰር ሆድ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ብዙ ሰው ብሽሽቱን እየዳበሰ ንፍፊት ይፈልጋል። መንገዱ ግን በዚያ በኩል አይደለም። የወንድ ፍሬዎች በፅንስነት ጊዜ የሚፈጠሩት ከኩላሊት አጠገብ ነው። ወደ ታች የሚወርዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲወርዱም የደም ሥራቸውንና የሊምፍ መስመራቸውን (ንፍፊቶችን የሚያገናኙትን ቀጫጭን የፈሳሽ መንገዶች) ከላይ እየጎተቱ ነው። ስለዚህ ካንሰሩ በሊምፍ ሲጓዝ በዚያው መስመር ሽቅብ ይወጣና ፍሬው ከተወለደበት ሰፈር ያርፋል። ከግራ ፍሬ የተነሣው በአብዛኛው ከአኦርታ (ከልብ ደም ይዞ ከሚወርደው ዋናው የደም ሥር) በስተግራ፣ ከግራ ኩላሊት ደም ሥር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከቀኝ የተነሣው ደግሞ በአኦርታና በትልቁ ደም መልስ መካከል ይወሸቃል። ልብ በሉ፤ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት የደም ሥሮች ሁሉ ትልልቆቹ ሁለቱ እነዚህ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ የሚገባው እነሱ መካከል ነው።

ይህ ጥያቄ ራሱ የመጣው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተዛመተ የዘር ፍሬ ካንሰር ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞት ነበር። በ1974 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሎውረንስ አይንሆርን ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት ጋር አቀናጅተው መስጠት ጀመሩ። መጀመሪያ ከወሰዱት ሰዎች አንዱ ጆን ክሊላንድ የሚባል የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ሌላ ሕክምና ሞክሮ አልሆነለትም። ካንሰሩ ጠፋ። ክሊላንድ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ኖሮ የባዮሎጂ መምህር ሆነ። (ሲስፕላቲን የተገኘበት አጋጣሚ ራሱ ያስገርማል። ባርኔት ሮዘንበርግ የተባሉ ተመራማሪ በ1965 ባክቴሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ሙከራ ሲያደርጉ ባክቴሪያው መባዛቱን አቆመ። ያቆመው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከሽቦው ጫፍ የሟሟው ፕላቲነም ነበር።)

ዛሬ የተለመደው ጥምረት ሲስፕላቲን፣ ኢቶፖሳይድና ብሊዮማይሲን ነው። በ2021 የወጣ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት ሴሚኖማ ያልሆነ ዓይነት የተዛመተባቸውን ሰዎች በሦስት ከፍሎ አይቷቸዋል። ቀላል ከተባለው ምድብ 96 በመቶው፣ ከመካከለኛው 89 በመቶው፣ ከባድ ከተባለውም 67 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ለተዛመተ ካንሰር ይህ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። በኬሞ ብቻ የተገኘ ግን አይደለም። የቀረውን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምናም ድርሻ አለው፤ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ከላይ «ሴሚኖማ» የሚል ቃል አስገብቻለሁ። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ስለሆነ ቆም እንበል። የዘር ፍሬ ካንሰር ሁለት ትልልቅ ወገን አለው፤ ሴሚኖማና ሴሚኖማ ያልሆነ። ከኬሞ በኋላ የሚቀረው እብጠት በሲቲ ስካን ላይ ሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ይመስላል። የሚደረግለት ነገር ግን የማይገናኝ ነው።

ሴሚኖማ ባልሆነው እንጀምር። የቀረው እብጠት ወጥቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይገኛል። ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሞተ ሥጋና ጠባሳ ብቻ ነው። ከ35 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቴራቶማ የሚባል ነገር ይገኛል። ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ሕይወት ያለው ካንሰር አለ። ስለዚህ ከሚከፈተው ሰው ግማሽ ያህሉ የሚከፈተው ለጠባሳ ነው ማለት ይቻላል። አዎ፣ ያናድዳል።

የሞተው ገባን፤ ሕይወት ያለውም ገባን። ግራ የሚያጋባው ቴራቶማ ነው። ካንሰሩ የተነሣው ዘር ከሚያመርቱ ሴሎች ነው፤ እነዚህ ሴሎች ደግሞ ወደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል የመለወጥ ችሎታ አላቸው። ቴራቶማ ውስጥ እንደ አንጀት ሽፋን ያለ፣ እንደ ቆዳ ያለ፣ ልስልስ አጥንት የመሰለ ነገር ተደባልቆ ይገኛል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጨዋ ነው፤ አይቸኩልም፤ በፍጥነት አይባዛም። ኬሞ የሚገድለው በፍጥነት የሚባዛውን ስለሆነ ቴራቶማውን አይነካውም። ጨረርም ብዙ አያደርገውም። መድኃኒቱ አጠገቡ ያለውን ካንሰር ጠራርጎ ሲሄድ እሱ ባለበት ይቀራል።

«ጨዋ ከሆነ ለምን አይተዉትም?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ያድጋል። ቀስ እያለ አኦርታውን፣ የሽንት ቱቦውን፣ ኩላሊቱን ሊጫን ይችላል። ካንሰር መኖሩን የሚያመለክቱት የደም ጠቋሚዎች ወደ ጤናማ ልክ እየወረዱ እብጠቱ ግን ሲያድግ የሚታይበት ሁኔታ ከ1982 ጀምሮ የራሱ ስም ወጥቶለታል፤ «የሚያድግ ቴራቶማ» ይሉታል። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት ይሠራል። እብጠቱ ስላደገ ኬሞው አልሠራም ይባልና ሌላ ኬሞ ይታዘዛል። ያ ልጅ የሚያስፈልገው ቢላ ሆኖ ሳለ ደግሞ መርዝ ይጠጣል። ሁለተኛ፣ ቴራቶማ ጠባዩን ሊለውጥ ይችላል። ውስጡ ካሉት ሕብረ ሕዋሶች አንዱ ወደ ሳርኮማ ወይም ወደ ሌላ ዓይነት ካንሰር ከተለወጠ የተለመደው የዘር ፍሬ ኬሞ አይይዘውም። ሦስተኛ፣ ከዓመታት በኋላ «ድኛለሁ» ያለውን ሰው ተመልሶ የሚያንኳኳው በሽታ ብዙ ጊዜ ሳይወጣ ከቀረው ነገር የተነሣ ነው።

ደንቡም ከዚህ ይነሣል። ሴሚኖማ ባልሆነው ዓይነት፣ ጠቋሚዎቹ ወደ ልካቸው ወርደው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ እብጠት ከቀረ ይወጣል። ኬሞው ካለቀ ከስድስት ሳምንት ብዙም ሳይርቅ ቢሆን ይመረጣል። የልጃችን ካንሰር ሴሚኖማ ያልሆነው ነው እንበል፤ እብጠቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ጠባሳ የመሆን ዕድል ያለውን ነገር ለማውጣት ሆዱ ይከፈታል።

እዚህ ላይ «ፔት ስካን እንነሣና እንይ» የሚል ይመጣል። ገንዘብ ያለው ዘመድ ዱባይ ወይም ባንኮክ ድረስ ልላክህ ይላል። ፔት ስካን የሚያየው ስኳር የሚበላውን ሴል ነው። ቴራቶማ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል ስኳር አይበላም። ስለዚህ ምስሉ ላይ ምንም አይበራም፤ ወረቀቱም ንጹሕ ነው ይላል፤ ቴራቶማው ግን አለ። በዚህ ዓይነቱ ካንሰር ንጹሕ የተባለ ፔት ከማጽናናቱ ይልቅ ማታለሉ ይብሳል። ለትኬቱ የሚወጣው ብር ጥሩ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

በደም የሚለኩት ጠቋሚዎችስ? ኤኤፍፒ እና ኤችሲጂ የሚባሉት ናቸው። (ኤችሲጂ የእርግዝና መመርመሪያው የሚፈልገው ያው ሆርሞን ነው። አዎ፣ ወንድ ደም ውስጥ።) ጠቃሚ ናቸው፤ ከኬሞው በኋላ እየጨመሩ ከሄዱ ሕይወት ያለው ካንሰር አለ ማለት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ኬሞ ይቀድማል። ከወረዱ ግን ቴራቶማ የለም ማለት አይደለም። «ደምህ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት አይደለም እንጂ።

ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውስ? ክርክሩ የጦፈው እዚህ ነው። አንዱ ወገን ትንንሾቹም ውስጥ ቴራቶማ ስለሚገኝ ይውጣ ይላል። ሌላው ወገን እየተከታተልን እንጠብቅ ይላል። በ2010 ከኢንዲያናና ከካናዳ የወጡ ጥናቶች ሳይከፈቱ የተጠበቁትን ሰዎች አይተው፣ በሽታው የተመለሰባቸው ከአሥር አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይተዋል። እኔ የማደላው ለመጠበቁ ነው፤ ዘጠኙን ላለመክፈት ሲባል።

ግን መጠበቅ ማለት በቀጠሮው ሲቲ ስካን መነሣት ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። ሪያድ ወይም ቤሩት በኮንትራት የሚሠራ ወንድማችን ውሉ አልቆ አገር ሲገባ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። አዲሱ ሐኪም ከምን ጋር ያወዳድር? እንደዚህ ያለ ሰው የሲቲ ስካኑን ሲዲ፣ የወሰደውን ኬሞ ዓይነትና ዙር፣ መጀመሪያ የወጣውን ፍሬ የፓቶሎጂ ውጤት (በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተጻፈውን) ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። በተለይ የመጨረሻውን። ፍሬው ውስጥ መጀመሪያም ቴራቶማ ከነበረ ሆዱ ውስጥ የቀረውም ቴራቶማ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ፍሬው ውስጥ አልነበረም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ይህን በሒሳብ ለመተንበይ ብዙ ተሞክሯል፤ ሰው ሳይከፈት እንዲቀር የሚያስተማምን ቀመር ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ ሴሚኖማ እንሂድ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ከኬሞ በኋላ የሚቀረው እብጠት በአብዛኛው የሞተ ሥጋ ነው። ቴራቶማ የሚባለው ጣጣ እዚህ እምብዛም የለም። ከዚያም በላይ ሴሚኖማ ሲሞት ጠባሳው ከደም ሥሮቹ ጋር እንደ ሲሚንቶ ይጣበቃል፤ ማውጣቱ ከባድ ነው፤ አደጋውም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ይጠበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ያ ቅድም ያጣጣልኩት ፔት ስካን እዚህ ሥራ ያገኛል። ሴሚኖማ ስኳር ይበላልና።

ግን ቸኩሎ መነሣት አይሆንም። ኬሞው ካለቀ ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ማለፍ አለበት። ቁስሉ ገና እየዳነ ሳለ የሚሰበሰቡት ነጭ የደም ሴሎችም ስኳር ይበላሉ፤ ምስሉ ላይ እንደ ካንሰር ይበራሉ። ፔቱ ካልበራ ጥሩ ነው፤ ይታመናል። ከበራ ግን ወዲያው ማመን አይገባም። በ2018 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በበሩት ላይ ያገኘው አስደንጋጭ ነበር። በርቷል ከተባሉት ውስጥ እውነት ካንሰር የነበረባቸው 23 በመቶው ብቻ ናቸው። ከአራት ሦስቱ በከንቱ ደንግጠዋል። አንዳንዱም በዚያ ድንጋጤ የማያስፈልገው ኬሞ ወይም ቀዶ ሕክምና ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስለበራ ብቻ ሕክምና አይጀመርም። ቆይቶ መድገም ወይም ናሙና መውሰድ ይቀድማል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት 4 ሴንቲ ሜትር አንዱ ሰው ላይ «ክፈተው»፣ ሌላው ላይ «አትንካው፣ ጠብቅ» ያሰኛል። አንድ ፔት ስካን አንዱ ላይ ያታልላል፣ ሌላው ላይ ይረዳል። የመጀመሪያው ፓቶሎጂ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይሳሳታል። እኔ ብሆን በሁለተኛ ፓቶሎጂስት ሳላስይ አላድርም።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ቀላል አይደለም። ቁርጡ አብዛኛውን ጊዜ ከእንብርት በላይ ከደረት ሥር ተነሥቶ እስከ እንብርት በታች ይወርዳል። አንጀቱ ወደ ጎን ይነሣል። ከዚያ አኦርታውና ትልቁ ደም መልስ ዙሪያ ያለው ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ሁሉ ይጸዳል፤ ከኩላሊት ደም ሥሮች ጀምሮ አኦርታው ወደ እግር እስከሚከፈልበት። ሲቲ ላይ የታየችውን እብጠት ብቻ ለቅሞ መውጣት ትክክል አይደለም። አጠገቧ በዓይን የማይታይ ቴራቶማ ሊቀር ይችላል። አንዳንዴ እብጠቱ ኩላሊት ላይ ወይም የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይገኝና አብሮ መውጣት ግድ ይላል።

ወንዶች ለመጠየቅ የሚያፍሩት ነገር አለ። እዚያ አካባቢ የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ እንዲወጣ የሚያደርጉ ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ። ከተቆረጡ ወሲቡም ስሜቱም ይኖራል፤ ፈሳሹ ግን አይወጣም፣ ወይም ወደ ፊኛ ይመለሳል። ልጅ በተለመደው መንገድ መውለድ ይቸግራል። የተካነ ሐኪም ነርቮቹን መለየትና ማዳን ይችላል፤ ከኬሞ በኋላ ግን ሁልጊዜ አይሳካም። ስለዚህ ከኬሞው በፊት የዘር ፈሳሽ ማስቀመጥ የሚቻልበት ቦታ ካለ ጥያቄው ያኔ መነሣት አለበት። አባትም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን፣ አፍሮ ዝም ካለ ልጁ ዕድሜ ልኩን ይከፍላል። ሌላው መነገር ያለበት ለማደንዘዣ ባለሙያው ነው። ብሊዮማይሲን የወሰደ ሰው ሳንባው ስስ ነው፤ የኦክስጅኑም የፈሳሹም መጠን በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው።

ማን ይሥራው? ብዙ የሠራ ይሥራው። በሽታው ኖርዌይና ዴንማርክ ውስጥ የተለመደ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ግን ከሌላው ዓለም ያነሰ ነው። ጥሩ ዜና ይመስላል። ሌላኛው ፊቱ ግን አንድ ጎበዝ ቀዶ ሐኪም እንኳ በዓመት የሚያገኘው እንዲህ ያለ በሽተኛ በጣት የሚቆጠር መሆኑ ነው። ብዙ የሚያጋጥማቸው አገሮች እንኳ ይህን ሥራ ወደ ጥቂት ሆስፒታሎች ሰብስበውታል። ምክንያቱም የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ሳይሟላ ቀርቶ ሁለተኛ መክፈት ሲመጣ ውጤቱ ይወርዳል። «ስንት ሠርተዋል?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ እኛ ዘንድ ድፍረት ይመስላል። ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም አይቀየምም።

ከወጣ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጠባሳ ወይም ቴራቶማ ከሆነና ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሌላ መድኃኒት የለም፤ ክትትል ብቻ ነው። ሕይወት ያለው ካንሰር ከተገኘ፣ ምን ያህል እንደሆነና ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ታይቶ ተጨማሪ ሁለት ዙር ኬሞ ሊታሰብ ይችላል፤ ካንሰሩ ከወጣው እብጠት ውስጥ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሁሉም ከወጣ ግን መከታተል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ሳንባ ላይም እብጠት ከቀረ ብዙውን ጊዜ የሆዱ ይቀድማል። የሆዱ ጠባሳ ብቻ ከሆነ የሳንባውም እንደዚያው የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ያኔ ደረትን መክፈት ላያስፈልግ ይችላል።

ሰሞኑን በሙያው ውስጥ ብዙ የሚወራለት አዲስ የደም ምርመራ አለ፤ ማይክሮ አርኤንኤ 371 ይሉታል። በ2019 ከጀርመን የወጣ ትልቅ ጥናት በሽታውን ካለባቸው 100 ሰዎች ወደ 90ው ላይ እንደሚያገኘው አሳይቷል። በዚህ ካንሰር ከነበሩት ጠቋሚዎች ሁሉ ይበልጣል። ሴሚኖማ ኖሮበት ፔቱ ለበራበት ሰው በከንቱ ከመደንገጥ ሊያድነው ይችላል የሚል ተስፋ አለ፤ እኔም ተስፋ አደርጋለሁ። ቴራቶማን ግን አያይም። ስለዚህ ያ የ24 ዓመት ልጅ ይህን ምርመራ አግኝቶ ንጹሕ ነህ ቢባል እንኳ፣ ቀጣዩ ቀጠሮው አሁንም ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው።